አትንኩኝ

ሻራቭ ተነሥቷል ዛሬም በቂርያት ጋት፤
ቢጫ አቧራ ለብሷል የአውቶቡሱ መስኮት።
ጥርሴ ላይ አሸዋ፣ ቅንድቤ ላይ አፈር፣
ተሸክሜ ገባሁ በሠራተኛው በር።

ሰዓቴን ፈታሁ፣ ቀለበት፣ ጉትቻ፤
ሁሉም ከሣጥን ገባ፣ ቀረሁ እኔ ብቻ።
ኩል የለ፣ ቅባት የለ፣ ሽቶማ ነውር ነው፤
ስሜ ነው የቀረኝ፣ እሱን የት ላውልቀው?
ሽታዬ ነኝና።

ነጭ ቱታ፣ ነጭ ጓንት፣ ዓይን ብቻ የሚያሳይ፤
ከሁለት በር መሃል የነፋስ ዶፍ ከላይ፤
እጄን ሽቅብ ሰቅዬ እዞራለሁ ቀስ ብዬ፣
ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ እስኪታጠብ ገላዬ።

እናቴ ስነግራት ሳቀች እስክታነባ፦
«እኔስ ሰባት ቀኔን ቆጥሬ፣ ወንዝ ወርጄ፣
ጀምበር ስትጠልቅ ነበር ከቤት የምገባ።
እዚህም አገር አለ እንዴ የመርገም ጎጆ?»
«የተገላቢጦሽ ነው፣ እማ፤ ጎጆው ነው የነጻው፤
በመርገም ያለውስ ዓለሙ ነው፣ ውጪው።»
ዝም አለች። ቆየችና፦
«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓለም የሚያነጻው
ወንዙ የት ይገኛል?»

ሥራዬ ሞተር ነው፣ መዳፍ የማይሞላ፣
ጥጥ የማያውቅ እንዝርት፣ የማይል ወደ ኋላ፤
በደቂቃ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዙር
የሀርድ ዲስኩን ሳህን የሚያሽከረክር።
ከሳህኑ በላይ አንባቢው ክንድ ያንዣብባል፤
ክፍተቱ እንኳንስ ፀጉር፣ ጭስም አያሳልፍ፤
የአንዲት ሲጋራ ብናኝ እዚያ ዘልቃ ብታርፍ
ተራራ ናት፤ ክንዱ ሄዶ ይላተማታል፤
የሰው የሠርግ ፎቶ፣ የሟች ድምፅ፣ የዕዳ መዝገብ፣
ሁሉም በአንድ ጭረት ይሄዳል።

ዘንጉን ዙሪያውን የከበበው ዘብ ደግሞ
ብረት አይደል፣ ላስቲክ አይደል፤ ጥቁር ፈሳሽ ነው፣
ማግኔት በልጓም ይዞ ያቆመው።
ዘንጉ ይሾራል፤ እሱ ሳይፈገፍገው ይዘጋል፤
የኩሽኔታው ዘይት ተንኖ እንዳይወጣ፣
የውስጡ በውስጥ እንዲቀር።

ይህን ቀለበት ሳይ ያገሬ ሰው ትዝ ይለኛል።
አትንኩኝ ይሉን ነበር። ዕቃ ስንቀባበል
መሬት አስቀምጠን፣ እጅ ከእጅ ሳይገናኝ፤
ሰላምታውም ከሩቅ።
ያኔ ስድብ ነበር፤
እዚህ በሰዓት ይከፈለኛል።

ማክሰኞ ቆጣሪው ጮኸ። ቀይ መብራት። መስመሩ ቆመ።
ብናኝ አለ፤ ከየት መጣ?
ሪማ የመለኪያውን ቱቦ ይዛ መጣች፤
ኢጎርን አልፋ፣ ኦርታልን አልፋ፣ በቀጥታ
ከእኔ ራስ ጀመረች፦ «ፀጉርሽን ምን ተቀብተሻል?»
በቱቦው አሸተተችኝ።
አንድ ጊዜ ክንዴን ዘርግቼ ደም ሰጥቼ ነበር፤
ሳይመረምሩ ደፉት።
ይህን ለሪማ አልነገርኋትም።
በዕብራይስጥ «ምንም» አልኋት፣ ያችን ብቻ።

ያን ጊዜ ነው ከጭምብሌ ሥር ሾልኮ የገባው፦
እሳት ላይ ተረስቶ ያረረ ኑግ የሚመስል፣
የሞቀ ዘይት።
ሽታዬ አይደለሁ! ተከተልሁት።
መፈተኛው ጠረጴዛ፣ አሥራ አንደኛው ሞተር፤
ጥቁሩ ቀለበት ተበጥሶ
የገዛ ዘይቱን ይተፋ ነበር።
ከውጭ ማንም አልገባበት።

ሪማ በከረጢት አሰረችው። በእረፍት ሰዓት
ማስቲካ ሰጠችኝ። ይቅርታ ይሁን ልማድ
አላወቅሁም፤ አኘክሁት።

ማታ ቱታዬን አወለቅሁ፣ ጉትቻዬን አደረግሁ፣
ሽቶዬን ከጆሮዬ ሥር፣ ያውም ሁለት ጊዜ።
ሻራቩ አልበረደም። አንገቴን፣ ከንፈሬን፣ ቅንድቤን
ነካኝ፣ ማን እንደሆንሁ ሳይጠይቅ።
ከአውቶቡሱ መስኮት፣ ከቢጫው አቧራ ላይ
በጣቴ «ሽ» ብዬ ጻፍሁ።
በሩ ተከፈተ፤ ሰው ገፋኝ፤ ገባሁ።
ቀሪዎቹ ፊደላት ሳይጻፉ ቀሩ።